አይቡ ዘይት ውስጥ ለምን ፈነዳ?

ከደብረ ማርቆስ የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የወንድሜ ምርቃት ደርሷል። ለእንግዶች ቲክቶክ ላይ የማየውን፣ ሲቆርሱት ክር የሚስበውን የተጠበሰ ቺዝ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። አይብ በሻሽ ጨመቅኩ፣ በጣት ልክ አድርጌ ጠቀለልኩ፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ አልብሼ ጠበስኩት። ግማሹ ፈነዳ፤ ግማሹ ዘይቱ ውስጥ ተበተነ። በሌላ ቀን ከባሕር ዳር የፒዛ ቺዝ አስመጣሁ። እሱ ደግሞ ቀልጦ ፈሰሰና ባዶ ቅርፊት ቀረኝ። ጎረቤቴ አገራችን ደጋ ስለሆነ ዘይት በደንብ አይግልም አለችኝ። እውነት ነው? አይቡን የበለጠ ባደርቀውስ ክር ይስባል? ማጥቀሻውንስ ምን ላድርገው?»

አይስብም። አይቡ ላይ ሦስት ቀን መጅ ብትጭኚበት፣ ፀሐይ ላይ ብታሰጪው፣ ፍሪጅ ብታሳድሪው ክር አይወጣውም። ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም። አይብ የሌለውን ነው የጠየቅሽው።

አይብ እንዴት እንደሚወጣ ከእኔ በላይ ታውቂው ይሆናል። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። እንግዲህ አይቡን ያጠረቀመው የአሬራው ኮምጣጣነትና ሙቀቱ ነው። የወተት ዋና ፕሮቲን ኬዚን ይባላል። ጥሬ ወተት ውስጥ ኬዚኑን እንደ ሙጫ አያይዞ የሚይዘው ካልሲየም ነው። ወተቱ ሲኮመጥጥ አሲዱ ያን ካልሲየም ያሟሟዋል፤ ካልሲየሙም ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። የሚቀረው ኬዚን ጥቃቅን ፍርፋሪ ነው። ይህ ፍርፋሪ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ውሃውን ይተፋል፣ ይደርቃል። አይቀልጥም።

የፒዛ ቺዙ፣ ሞዛሬላ የሚባለው፣ መንገዱ ሌላ ነው። እሱን የሚያረጋው በዋናነት ሬኔት የሚባል ኢንዛይም ነው። ድሮ ከጥጃ ጨጓራ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በብዛት በፋብሪካ ይዘጋጃል። ካልሲየሙ አብዛኛው በቦታው ይቆያል። ከዚያ ኮምጣጣነቱ ልኩ ላይ ሲደርስ፣ በኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች 5.2 አካባቢ ማለት ነው፣ በሙቅ ውሃ ይለወሳል፣ ይጎተታል፣ ይታጠፋል። ክሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ ዓይነት ነገር አድርጎ ማየት የማያዋጣው። አይብ ያልተሳካለት ሞዛሬላ አይደለም። የራሱ ጠባይ ያለው ሌላ ምግብ ነው።

ፍንዳታው ደግሞ የውሃ ሥራ ነው። የአገራችን አይብ 100 ግራሙ ውስጥ 80 ግራም ገደማ ውሃ ነው። ስብ ከ2 ግራም አይበልጥም፤ ቅቤው አስቀድሞ ወጥቷላ። በሻሽ ስትጨምቂው ከፍርፋሪው መካከል ያለው ውሃ ይወጣል እንጂ ውስጡ የተያዘው አይወጣም። ያን የፍርፋሪ ልብስ አልብሰሽ የጋለ ዘይት ውስጥ ስትጥይው ላዩ ወዲያው ይደርቅና ይዘጋል። ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። መውጫ ካጣ ይፈነዳል፤ ቀዳዳ ካገኘ ፍርፋሪውን ይዞ ይወጣና ይበትነዋል። አንቺ ሁለቱንም አይተሻል። እኔም አይቼዋለሁ። የግራ እጄ አንጓ ላይ የሳንቲም ታህል ጠባሳ አለች፤ የእንዲህ ያለች አይብ ማስታወሻ ናት።

የጎረቤትሽ ነገር ግማሽ እውነት አለው፤ ግን ተገልብጦ። ዘይት ከፍታ አያውቅም። ስንጠብስበት የሚንፈቀፈቀው ዘይቱ ፈልቶ አይደለም፤ የሚወጣው የምግቡ ውሃ ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ መተማ ዘይቱን 200 ዲግሪ ማድረስ ትችያለሽ። የሚለየው ውሃው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር ላይ፣ 94 አካባቢ ነው። ጎረቤትሽ ባቄላ ለመቀቀል ስትጠብቅ የመረራት ይኸው ነው። ለጥብስ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። የምግቡ ውሃ ቀድሞ ስለሚተን ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎ ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ገና አልሞቀም። ስለዚህ ደጋ ላይ ዘይቱን የበለጠ ማጋል ስህተት ነው። የሚመከረው በየ300 ሜትሩ 1.5 ዲግሪ ገደማ መቀነስ ነው። ቪዲዮው 190 ካለሽ አንቺ 177 ገደማ ላይ ጥበሺ፤ ትንሽም አቆዪው።

አሁን ምን ትሥሪ? እኔ ለዚህ ድግስ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። አሬራውን ትተሽ ከሙሉ ወተት፣ በሎሚ የረጋ፣ የተጨመቀ አይብ ሥሪ። ሕንዶች ፓኒር የሚሉት ነው። እሱም ክር አይስብም፤ ይህን ዛሬውኑ ተቀበይው። ግን በቢላ ይቆረጣል፣ ዘይት ውስጥ ቅርጹን ይይዛል፣ ውጩ ሲንኮሻኮሽ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። ለእንግዳ የሚያሳፍር አይደለም።

5 ሊትር ያልተናጠ፣ ቅቤው ያልወጣ ወተት ያዢ። ከታች እንዳያርብሽ እያማሰልሽ እስኪፈላ አሙቂው። እናንተ ጋ «ፈላ» ማለት ከ100 በታች ቢሆንም ለዚህ ሥራ 85 ዲግሪም ይበቃል፤ አትጨነቂ። ከእሳት አውርጂና ሁለት ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። ከዚያ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ በማንኪያ በማንኪያ ጨምሪ። ለአንድ ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይወስዳል። ቀስ ብለሽ አማስዪ፤ አትምቺው። መጀመሪያ ወተቱ የተበላሸ ይመስላል። ቀጥሎ ነጩ እየተጓጎለ ይሰበሰባል፤ አጓቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥርት ያለ ውሃ ይሆናል። አጓቱ ሲጠራ ሎሚው ይብቃ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። «ትንሽ ልጨምርለት» የሚባለው ሎሚ አይቡን አኮምጥጦ ይፈረካክሰዋል፤ ተመልሰሽ የሸሸሽው ነገር ላይ ትወድቂያለሽ። ሎሚ ከጠፋ አቼቶ ይሠራል።

በሻሽ አጥልዪው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንዴ አለቅልቂው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሺበት። ጥቁር አዝሙድ የምትወጂ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው። ሻሹን በአራት ማዕዘን አጥፊና በሁለት ሰሐን መካከል አስቀምጪው፤ ላዩ ላይ መጅ ጫኚ። የእናትሽ መጅ ከየትኛውም ዘመናዊ መጭመቂያ አያንስም። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ እንደተጠቀለለ ፍሪጅ ይደር። 5 ሊትሩ 700 ግራም ገደማ ይሰጥሻል። ወተቱ ውሃ ከተቀላቀለበት ግን ያንሳል። ከነጋዴ የምትገዢ ከሆነ መጀመሪያ በአንድ ሊትር ሞክሪው። አጓቱን አትድፊው፤ ዳቦ ማቡኪያ ይሆናል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። «የከብት ወተት ትኩስ ሲሆን መድኃኒት ነው» ብለው ጥሬውን የሚያረጉ አሉ። ጥሬ ወተት የውርጃ በሽታ የሚባለውን ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ወደ ሰው ያሻግራል። ቤት ውስጥ አይብ ሲወጣ የሚሰጠው ለብታ ብዙ ጊዜ እነዚህን አይገድልም። ዘይቱ ይገድለዋል ብለሽም አትተማመኚ፤ በአንድ ደቂቃ ጥብስ የቁራሹ መሐል ምን ያህል እንደሞቀ አታውቂም። ከላይ ያልኩሽን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ወተቱ አስቀድሞ መፍላቱ ነው።

ሲነጋ በጣት ልክ ቁረጪው። አንዱ 20 ግራም ቢሆን ከ5 ሊትር 35 ያህል ይወጣል። በንጹሕ ፎጣ አድርቂው። ይህን አትዝለዪ።

የልብሱ ነገር ነው እኔን ደስ የሚለኝ። የዳቦ ፍርፋሪ ይሠራል። ግን ጎጃም ተቀምጦ ድርቆሽ እያለ የዳቦ ፍርፋሪ መግዛት ለእኔ አይገባኝም። አንድ ቀን ፍርፋሪ አልቆብኝ፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ ጓዳ ያለውን የእንጀራ ድርቆሽ በሙቀጫ ወቀጥኩት። ከዚያ ወዲህ ወደ ዳቦ አልተመለስኩም። የጤፍ እንጀራ ዓይን አለው፤ ሲደርቅ ያ ዓይን ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ሲወቀጥ ጠፍጣፋና ሸካራ ስባሪ ይሆናል። ዘይት ውስጥ ሲገባ ያ ስባሪ ልክ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፤ ከውስጡም የእንጀራው ኮምጣጣ ጣዕም ይመጣል። ከሎሚው አይብ ጋር የተፈጠረ ይመስላል። ዱቄት እስኪሆን አትውቀጪው፤ ሸካራ ስኳር ያህል ሲሆን አቁሚ። ነጭ ጤፍ ምረጪ። የቀይ ጤፍ ድርቆሽ ጣዕሙ ምንም አይል፤ ግን ከመነሻው ቡናማ ስለሆነ መቼ እንደበሰለ፣ መቼ እንዳረረ በዓይን መለየት አይቻልም። በሶ ግን እንዳትሞክሪ። አስቀድሞ የተቆላ ነው፤ ዘይት ሲነካው ያርና ይመራል።

ቅደም ተከተሉ፦ ዱቄት፣ የተመታ እንቁላል፣ ድርቆሽ። ለዱቄቱ የስንዴና የበቆሎ ዱቄት እኩል ብትቀላቅይ ልብሱ የበለጠ ይጠነክራል። ለሎሚው አይብ አንድ ዙር ይበቃል። አልብሰሽ ከጨረስሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይቀመጥ፤ ልብሱ ይጣበቃል።

ዘይቱ የተጣራ የሱፍ ወይም የሚረጋው ዓይነት ይሁን። ያልተጣራ የኑግ ዘይት ለወጥ ሽታው ግሩም ነው፤ ለዚህ ግን ቶሎ ይጨሳል፣ ጣዕሙም አይቡን ይውጠዋል። ንጥር ቅቤም አታባክኚ። ጠለቅ ያለ ድስት ያዢ፤ ከግማሹ በላይ አትሙዪው። ቴርሞሜትር ከሌለሽ የዳቦ ቁራሽ ጣይበት። አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ወርቅ ከመሰለ ልክ ነው። በሃያ ሰከንድ ከጠቆረ ግሏል፤ አውርጂው። ከሰል ላይ ከሆንሽ እሳቱን መቀነስ አትችይም፤ ስለዚህ ድስቱን ራሱን እያወረድሽና እየመለስሽ ነው የምትቆጣጠሪው። ኤሌክትሪክ ካለ በኤሌክትሪክ ይሁን።

አራት ወይም አምስት ፍሬ በአንዴ፣ ከዚያ አይበልጥም። ድስቱን ከሞላሽው ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ዘይት ደግሞ ልብሱ ውስጥ ይሰርጋል። ሲገባ ድምፁን ስሚ። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ አረፋው ትልልቅ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጫጫታው ቀንሶ ረጋ ያለ ድምፅ ይሆናል፤ አረፋውም ጥቃቅን ይሆናል። ያኔ የላዩ ውሃ አልቋል ማለት ነው። ቀለሙን አይተሽ አውጪው። ወንፊት ላይ አኑሪው እንጂ ወረቀት ላይ አትከምሪው፤ ከታች ያለው በራሱ እንፋሎት ይረጥባል።

የፒዛ ቺዙን አልተውኩትም። ክሩ የግድ ከሆነ ያለው እሱ ብቻ ነው። የፈሰሰብሽ ዘይቱ ስላልጋለ ሊሆን ይችላል፤ የበለጠ የምጠረጥረው ግን ሳይቀዘቅዝ መግባቱንና አንዴ ብቻ መልበሱን ነው። ሞዛሬላ 60 ዲግሪ ሳይሞላ መፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ውድድሩ በቅርፊቱና በመሐሉ መካከል ነው፤ መሐሉ ሳይቀልጥ ቅርፊቱ መጠንከር አለበት። እንቁላልና ድርቆሹን ሁለት ሁለት ጊዜ አልብሺው፣ ጫፍና ጫፉን በደንብ ድፈኚ፣ ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ከፍሪዘር ቀጥታ ወደ ዘይት። ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ ከዚያ በላይ አታቆዪው። ስትገዢ ተፈቅፍቆ የታሸገውን ሳይሆን ድፍኑን ያዢ። መለያውንም አንብቢ፤ በአትክልት ስብ የተሠራ ቺዝ መሳይ ነገር አለ፣ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ጠባዩ ግን አይታመንም።

ቤት ውስጥ የተጨመቀ አይብ ተርፎሽ እንደሆነ ደግሞ ለብቻው አትጥበሺው። ሁለት ኩባያ አይብ፣ አንድ ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች፣ አንድ እንቁላል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ቃሪያና ጨው ለውሰሽ አድቦልቡዪው። የድንቹ ስታርች ውሃውን ይይዝልሻል። ትንንሽ ይሁኑ፤ ከትንሽ ሎሚ አይብለጡ። ይህ ለቤተሰብ ነው።

ማጥቀሻ። እርጎ ሁሉም ሰው የሚያስበው ነው፤ እኔ ግን አይብ ላይ እርጎ አልደግምም። የተጠበሰ ነገር የሚፈልገው የሚያቃጥል፣ የሚኮመጥጥ ወይም የሚጣፍጥ ነው። ከሁሉ የሚቀለው የጎጃም ማር በትንሽ ሙቅ ውሃ አቅጥነሽ ሚጥሚጣ መነስነስ ነው። ልጆች ካሉ ያለ ሚጥሚጣ ለብቻው አስቀምጪ፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ጨርሶ አይሰጥም። ሁለተኛው ስናፍጭ ነው። ብዙ ሰው አሙቆ ይገድለዋል። የስናፍጭ ኃይል ፍሬው ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ተፈጭቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው በኢንዛይም የሚፈጠረው፤ ሙቀት ያን ኢንዛይም ያጠፋዋል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ሩብ ሰዓት ተዪው፣ ከዚያ ጨውና ሎሚ። አፍንጫሽ ይነግርሻል። ሦስተኛው አዋዜ ነው። በጠጅ ወይም በትንሽ አረቄ ለውሺው፤ ወፍራም ከሆነ ድርቆሹን ገፎ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ቀጠን ይበል። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት የምትጨምሪበት ከሆነ የቀኑን ብቻ ሥሪ። ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ከፍሪጅ ውጭ ሲያድር አደገኛ የምግብ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። የትኛውንም ብትመርጪ በትንሽ ሳህን ለብቻው ይቅረብ። ላዩ ላይ ካፈሰስሽው የደከምሽበት መንኮሻኮሽ በሦስት ደቂቃ ይሄዳል።

ምርቃቱ ረቡዕ ወይም አርብ ላይ ካልዋለ፣ ጾምም ካልገባ፣ እንዲህ አድርጊ። አይቡን ከሁለት ቀን በፊት አውጪ። በዋዜማው ቆርጠሽ አልብሰሽ ፍሪጅ አሳድሪው። አስቀድመሽ ጠብሰሽ አሙቃለሁ አትበይ፤ ሲሞቅ ቆዳ ይሆናል። እንግዳው ሲቀመጥ ጥበሺ። ለሰው ሁለት ፍሬ ብትይዢ፣ 40 እንግዳ 80 ፍሬ ነው፤ 12 ሊትር ወተት ይፈልጋል።

ዘይቱ እሳት ቢይዝ ውሃ እንዳትደፊበት። እሳቱን አጥፊ፣ ድስቱን ክደኚ፣ አታንቀሳቅሺው። ለድስቱ የሚሆን ክዳን ከመጀመሪያው እጅሽ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጪ። አንድ ሰው ደግሞ ለዘይቱ ብቻ መድቢ። ያ ሰው ወጥ አያማስል፣ እንግዳ አይቀበል፣ ፎቶም አያንሣ።